«ለረጅም ጊዜ ይቀቀል» ማለት ስንት ደቂቃ ነው?

ይድረስ ለተከበራችሁ አዘጋጆች፤

ፎሶሊያን በጠርሙስ አሽጎ ስለማቆየት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ፈርቼ ነው። ጠርሙሱ በፈላ ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቀቅሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ይላል። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አይልም። ቢልም ኖሮ ፎሶሊያ በዚህ መንገድ አይታመንም። ለምን እንደሆነ ከራሴ ቤት ጀምሬ ልንገራችሁ።

የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ትልቋ አራት ዓመቷ ነው፤ ትንሹ ዘጠኝ ወሩ። ባለቤቴ በፈረቃ ስለምትሠራ የቤቱን ምግብ በአብዛኛው የማበስለው እኔ ነኝ። ትንሿን ጓሮም የምንከባከበው እኔ ነኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት የዘራሁት ፎሶሊያ ሁሉም አንድ ላይ ደረሰ። አጭሩ ፎሶሊያ ጠባዩ እንዲህ ነው። ለሳምንታት ዝም ብሎ ይቆይና ያለውን ሁሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ያወርደዋል። በልተን አልጨርሰው አልን። እኔም አስራ አንድ ጠርሙስ ሞልቼ፣ ትልቅ ድስት ጥጄ፣ ልክ እናንተ እንደጻፋችሁት ቀቀልኩት። መሃል ላይ ልጄ ከእንቅልፏ ተነስታ አለቀሰች። እሳቱን ዝቅ አድርጌ ወደ እሷ ሄድኩ። አባብዬ ስመለስ ውሃው መፍላቱን አቁሟል። እንደገና አፈላሁትና ከቆምኩበት ቀጠልኩ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ለራት አንዱን ሳወጣ ክዳኑ አበጥ ብሏል። በጣም ትንሽ ነው። ጣቴ ባያርፍበት ኖሮ አላየውም ነበር። ከፍቼ ላሸተው፣ ሽታው ደህና ከሆነም ልቀምሰው አሰብኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ «ተወው! እንዳትከፍተው!» አለችኝ። አስራ አንዱንም ሳልከፍት በወፍራም ከረጢት ጠቅልዬ ጣልኳቸው። አንድ ሙሉ ቅዳሜ የለፋሁበት ነው። ልጄ «አባዬ፣ ለምን ትጥለዋለህ?» አለችኝ። ያኔ መልሱን በደንብ አላውቀውም ነበር።

አሁን አውቀዋለሁ። አፈር ውስጥ የሚኖር ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ አለ። ኑሮ ሲከፋበት ራሱን በጠንካራ ሽፋን ጠቅልሎ ይተኛል። በዚህ ጊዜ ስፖር ይባላል። ስፖሩን የውሃ መፍላት አይገድለውም። 100 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት ቢቀቀል እንኳ ሊተርፍ ይችላል። ከዚያ አየር የሌለበት፣ አሲዱ አነስተኛ የሆነ፣ የማይቀዘቅዝ ቦታ ሲያገኝ ይነቃል፤ መርዝም ያመነጫል። የታሸገ የፎሶሊያ ጠርሙስ ሦስቱንም አሟልቶ ይሰጠዋል። መርዙ ላይሸት ይችላል፤ ጣዕሙም ላይታወቅ ይችላል። ክዳኑም ሁልጊዜ አያብጥም። እኔ ስላበጠ ነው የተረፍኩት። የበላ ሰው ብዥ ይለዋል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል፣ የዓይኑ ቆብ ይወድቃል፣ መናገርና መዋጥ ያቅተዋል። እየባሰ ሲሄድ መተንፈሻ ጡንቻውን ያደክማል። ጠርሙሱ የተቀመጠበት ቤት ደግሞ ትንንሽ ልጆች አሉበት።

ስለዚህ አሲዳቸው አነስተኛ የሆኑትን አትክልቶች፣ ማለትም ፎሶሊያን፣ ካሮትን፣ ቀይ ስርን፣ ድንችንና በቆሎን፣ በጠርሙስ አሽጎ መደርደሪያ ላይ ማቆየት የሚቻለው በግፊት ከ116 ዲግሪ በላይ በሚያደርስ፣ ለዚሁ በተሠራ ድስት ነው። ተራው የወጥ ፕሬሸር ይህን አይተካም። እኔ ድስቱ የለኝም። ስለዚህ ፎሶሊያ አላሽግም። ነገሩ ይኸው ነው።

ድንበሩ ፒኤች 4.6 ነው፤ ፒኤች የአሲድ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። ከዚያ በታች ያለው፣ እንደ አብዛኛው ፍራፍሬ፣ በፈላ ውሃ ይበቃዋል። ቲማቲም ድንበሩ ላይ ነው የሚቆመው። አንዳንዱ ወዲህ፣ አንዳንዱ ወዲያ ነው፤ በመልክ አይለይም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አንድ ሊትር ጠርሙስ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል፤ አሲዱ የታወቀ እንዲሆን የታሸገው ጭማቂ ይመረጣል። ተፈጭቶ የፈላ ቲማቲም በአንድ ሊትር ጠርሙስ ከባሕር ወለል ብዙም በማይርቅ ቦታ 45 ደቂቃ ይፈልጋል። ከ1,800 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው 60 ደቂቃ ነው። ምክንያቱም ውሃ ከፍ ባልን ቁጥር ብዙ ሳይሞቅ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 2,400 ሜትር ላይ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይንተከተካል። ዓይን ግን ልዩነቱን አያየውም። «በደንብ ይፍላ» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ የሁለቱ ሰፈር ሰው እኩል የቀቀለ ይመስለዋል።

ኒኮላ አፔር የተባለው ፈረንሳዊ ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በመቀቀል ማቆየትን ባሳየ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1810፣ የሀገሩ መንግሥት 12,000 ፍራንክ ሸልሞታል። ምግቡ ለምን እንደማይበላሽ ግን እሱ ራሱ አያውቅም ነበር። ሳይንቲስቱ ሉዊ ፓስተር ስለ ጀርም ያስረዳው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አፔርን ባለማወቁ ማንም አይወቅሰውም። እኛ ግን አውቀን መጻፍ እንችላለን።

ሌላም ያላነሳችሁት ነገር አለ። ሕፃን ያለበት ቤት የምድጃ ሥራ ይቋረጣል። አይቀርም። ጠርሙስ እየተቀቀለ ውሃው ለአፍታ እንኳ መፍላቱን ካቆመ፣ እንደገና አፍልቶ ደቂቃውን ከዜሮ መቁጠር ያስፈልጋል። ካቆሙበት መቀጠል አይቻልም። ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ያን ቀን ምን ላይ እንዳለሁ አውቅ ነበር። ስለዚህ አሁን ቲማቲም የማሽገው ባለቤቴ ቤት ስትኖር ብቻ ነው። አንዳችን ከድስቱ፣ አንዳችን ከልጆቹ ጋር። የድስት እጀታ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ልጆች ከወጥ ቤት ይወጣሉ። ማርማላታ ሲሆን ደግሞ የባሰ እንጠነቀቃለን። የፈላ ስኳር ከፈላ ውሃ ይበልጥ ይሞቃል፤ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። ያቃጠለው ሰው ቢኖር ቦታው ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ይያዝ።

ብቻዬን ስሆን ሊቋረጥ የሚችል ሥራ እመርጣለሁ። ለፎሶሊያ ፍሪዘር አለ። ለቅሜ፣ ቆራርጬ፣ በፈላ ውሃ ውስጥ 3 ደቂቃ ነከር አደርገዋለሁ። ወዲያው በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ለሌላ 3 ደቂቃ። አጥንፍፌ በትሪ ላይ ዘርግቼ አቀዘቅዘውና ከረጢት ውስጥ እከተዋለሁ። 3 ደቂቃዋ አትክልቱን የሚያጠወልጉትን ኢንዛይሞች ታቆማለች። ያለሷ ፎሶሊያው ፍሪዘር ውስጥም ቀለሙና ጣዕሙ ይጠፋል። ትንሹ መሃል ላይ ቢነቃ የተቆረጠው ፍሪጅ ገብቶ ይጠብቀኛል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለወራት ይቆያል።

ከሁሉ የምወደው ግን ጥቅል ጎመን በጨው ነው። እሳት የለውም፤ ልጄም ሙሉ በሙሉ ትገባበታለች። ለአንድ ኪሎ ጎመን ከ20 እስከ 25 ግራም ጨው ይበቃል። በሻይ ማንኪያ ሲሰፈር፣ ለጥ ተደርጎ፣ አራት ይሆናል። እሷም አራት ዓመቷ ነው። ስለዚህ ጨው መስፈር የሷ ሥራ ሆኗል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ልክ እንደኔ!» ትላለች። ከዚያ እጃችንን ታጥበን ውሃ እስኪያወጣ ድረስ አብረን እናሸዋለን። ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጥቀን፣ ጎመኑ ከራሱ ውሃ በታች እንዲሆን ጫን እናደርግበታለን። ክዳኑን አጥብቀን አንዘጋም፤ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን አረፋ ሲወጣ ጆሮዋን ጠርሙሱ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። አሲዱን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ያ አሲድ ነው ሌሎቹን ክፉዎቹን የሚያስቀረው። ጨው በጣም ቢያንስ ይበሰብሳል፤ በጣም ቢበዛ መኮምጠጡ ይዘገያል። ቁጥሩ እዚህም አስፈላጊ ነው። 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክፍል ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጅበታል። ለትንሹ ግን አንሰጠውም። የዘጠኝ ወር ሕፃን ኩላሊት ለዚያን ያህል ጨው አልደረሰም።

ስለ ትንሹ ካነሳሁ፣ እባካችሁ ማርን ከሕፃናት ምግብ አውጡት። በዚያው ገጽ ላይ የተፈጨ ካሮትን በማር አጣፍጡ ብላችኋል። ማር ውስጥ ያው ስፖር ሊኖር ይችላል። የአዋቂ አንጀት ይከላከለዋል። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንጀት ግን ገና አልበረታም፤ ስፖሩ እዚያው በቅሎ መርዙን ያመነጫል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ በሆድ ድርቀት ይጀምራል። ከዚያ ለቅሶው ይደክማል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ሰውነቱ ይዝላል። ማሩን ማፍላትም ሆነ መጋገር አያድንም። ከአንድ ዓመት በፊት ማር የለም፤ ጡጦ ጫፍ ላይም ቢሆን።

የተፈጨውን ካሮት እኔም እሠራለሁ። የማቀዘቅዘው በበረዶ መሥሪያ ጉድጓዶች ነው። አንዷ ጉድጓድ ለአንድ ጊዜ ትበቃለች። ከሕፃኑ አፍ የወጣ ማንኪያ ተመልሶ የገባበትን ትራፊ ግን አላስቀምጥም። ምራቁ ምግቡን ያቀጥነዋል፤ ጀርምም ይዞበት ይገባል።

ጓሮውን በተመለከተ የጻፋችሁት ልክ ነው፤ ልጆች ራሳቸው የዘሩትን ይበላሉ። ልጄ አተር በሳህን ስናቀርብላት ከአስር ጊዜ በላይ ገፍታዋለች። አሁን ከተክሉ ላይ ለቅማ ትበላለች። እግረ መንገዴን ግን አንድ ነገር ልጨምር። አተር ለትንሹ ሳይፈጭ አይሰጥም፤ ጥሬ ካሮትም እንዲሁ፤ ያንቃል።

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስለ ፎሶሊያውና ስለ ማሩ እርማት አውጡ፤ ጽሑፉ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ምግብ ስለማቆየት ስታወጡ ቁጥሩን ጻፉልን። ስንት ግራም፣ ስንት ደቂቃ፣ በየትኛው ከፍታ፣ ሥራው ቢቋረጥስ ምን ይደረጋል። ቦታ ካነሰባችሁ ፎቶውን አሳንሱት።

ጽሑፉን አንብቦ ፎሶሊያ ያሸገ ሰው ካለ፣ እባክዎ አይክፈቱት፤ አይቅመሱትም። እንደታሸገ ጠቅልለው ይጣሉት። ገና የዘራ ሰው ካለ ደግሞ ፎሶሊያው እስኪደርስ ሁለት ወር ያህል አለው። እርማቱ እስከዚያ ሊደርስለት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች አባት