ያች ስምንትህ

ባሕር ዳር፣ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ላንተ መዋሸት ግን አልለመደብኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀይሜህ ነው ዝም ያልኩት። ለሌላው ሰው ኔትወርክ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ እያልኩ አመካኝቻለሁ።

1978 ዓ.ም. ላይ ከፔዳ፣ ከመምህራን ኮሌጃችን፣ ወጥተን የቅጥር ፎርም የሞላንበት ቀን ትዝ ይልሃል? እኔ ወባ ይዞኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። "አምጣው ባክህ" ብለህ ጉልበትህ ላይ ዘርግተህ ሞላህልኝ። ያ ወረቀት 38 ዓመት ማኅደር ውስጥ ተኝቶ ከርሞ ጥር 2016 ላይ ተነሣ። የጡረታ ጉዳይ የምትሠራው ልጅ በጣቷ መስመር በመስመር እየተከተለች "የትውልድ ዘመን፣ 1956" ብላ አነበበች። "58 ነው እንጂ ልጄ!" አልኳት። ወረቀቱን አዙራ አስጠጋችልኝ። ከላይ የማትገጥም ስምንትህ! ተማሪ እያለን እንኳ በሷ የተነሣ ስንት የሒሳብ መልስ ተሰርዞብሃል። ጠርዙ በእርጥበት ቢጫ ሆኗል፤ ቀለሙ ግን ትናንት የተጻፈ ይመስላል። በምንም መነጽር ብታያት ስድስት ናት።

ሕጉ እንደሆነ መጀመሪያ ስትቀጠር ያስመዘገብከውን ዕድሜ ነው የሚያውቀው። እናቴ "የታላቅህ ክርስትና በተነሣ በሦስተኛው ዓመት፣ ለጥምቀት ማግስት" ብላ ብትምል ሰሚ የላትም። 58 ዓመቴ ላይ 60 ሞላኝ ተባልኩ።

ያኔ የከተማው ምክር ቤት አባል ነበርኩ፤ በ2005ቱ ምርጫ እንደገባሁ ታውቃለህ። ለአምስት ዓመት ተብለን ተመረጥን፤ በ2010 የአካባቢ ምርጫው ተራዘመ፤ የ2013ቱ አገራዊ ምርጫም እኛን ሳይነካ አለፈ። ሰፈርተኛው "ጡረታ ከወጣህ ወንበሩንም ልታስረክብ ነው?" እያለ ያደርቀኝ ጀመር። ወንበሩ የመራጩ ነው፤ ዕድሜ አያስለቅቀውም። ለጡረታ ግን አይረባም። እኔ ደመወዝ የምበላው ከማስተማሩ ነበር፣ ከምክር ቤቱ የስብሰባ አበል ብቻ። የስብሰባ አበልና የጡረታ አበል ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ያንተ ነገር ግን ሌላ ነው። ከማስተማር ወጥተህ ወረዳው ላይ የሙሉ ጊዜ ተመራጭ ሆነህ ደመወዝ እየተከፈለህ መሆኑን፣ ዘንድሮም መውጫህ ደረሰ ብለህ ስሌቱን እየጠየቅህ መሆኑን ደሴ ደርሶ የመጣ ሰው ነገረኝ። አንተን አንድ ነገር ካሰጋህ ነው ሰው የምትጠይቀው፤ ስለዚህ ቅያሜዬን አቁሜ ብዕር አነሣሁ። ደግሞም ትክክለኛው መውጫዬ ይሄው የያዝነው ወር ነበርና ቂሙም ጊዜው አልቋል።

አዋጅ 653/2001ን ተስፋ እንዳታደርግ። እሱ የፌዴራል መሪዎችን፣ ሹማምንትን፣ የምክር ቤት አባላትንና ዳኞችን ነው የሚያወራው። ያንተ መንገድ እንደ ማንኛችንም የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አሁን የሚሠራበት አዋጅ 1267/2014 ነው። ከአንተ 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይገባል። በፊት ከኛ 4 በመቶ ብቻ ሲቆረጥ እንኳ እንዴት እንደምታጉረመርም! 10 ዓመት ላገለገለ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 ነው። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል አለብህ፤ እስኪ በኛ አገር ማን ይነካዋል? መቶኛው የሚወጣው ከመጨረሻው ደመወዝህ አይደለም፣ ከመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ነው። አምና የተጨመረልህን አይተህ ባለቤትህን ተስፋ አታስቆርጥ፣ ተስፋም አታብዛባት።

እኔ 38 ዓመቴ 65 በመቶ አስገኘልኝ። 40 ቢሆን 67.5 ነበር። ሁለት ተኩል በመቶ የስምንትህ ዋጋ ናት፤ ሁለቱን ዓመት የቀረብኝን ደመወዝ ሳልቆጥር።

ባለፈው ቅዳሜ ጀልባ መውጫው ጋ አንድ የዘጌ ሰው አገኘሁ፣ ቡናውን በጆንያ ይዞ። ለብዙ ዘመን ቀበሌውን በሊቀመንበርነት የመራ ገበሬ ነው። ጡረታ መውጣቴን ሲሰማ "ለኛስ መቼ ነው?" አለኝ፣ የምር። የድንበር ጠብ ሲዳኝ፣ ሌሊት ሲቀሰቀስ የኖረ ሰው ነው፤ ከምን ላይ 7 በመቶ ይቆረጥለት ኖሯል? የምመልስለት አጥቼ ጆንያውን ተሸከምኩለት። እሱ ነገር እስካሁን ደረቴ ላይ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያን ቀን የራስህንም ፎርም የሞላኸው አንተው ነህ፣ በዚያው ብዕር። እናቶቻችን በአንድ ሰሞን ነው የወለዱን፤ አንተም የ58 ልጅ ነህ። ተመራጭ ሆነህ ከርመህ ማኅደርህን የነካ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጅቷ እንደኔው ስድስት ብላ ካነበበችው መውጫህ ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሠራኸውን ማን ይቆጥርልሃል? ማመልከቻህን ሳታስገባ በፊት ሂድና ማኅደርህን አስወጥተህ ያችን ቁጥር እያት።

ያየኸውን ወዲያው ደውልልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው፤ ያንተው ደብተር ላይ የተጻፈውን ግን አትመነው፣ ሁለት ስምንት አለበት።

ያንተው ወንድም