የቫምፓየር ፍቅር ታሪኮችን ሳታነቡ አትፍረዱባቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን በጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ቫምፓየር (የሰው ደም እየጠጣ የሚኖር፣ የማይሞት የተረት ፍጡር) የፍቅር ልብ ወለዶች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው እነዚህን መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ወይ ገና ያልበሰለ ነው፣ ወይ ከኑሮው ይሸሻል፣ ወይ ጨለማ ነገር ይስበዋል ብለው ደምድመዋል። ሦስቱንም አልቀበልም። ለዓመታት ያነበብኩት ዘውግ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

መጀመሪያ ሁለት የተለያዩ ዓይነት መጻሕፍት በአንድ ላይ ተጠቅልለዋል። ኧርባን ፋንታሲ የሚባለው ሞባይልና ታክሲ ባለበት በዛሬ ከተማ ውስጥ ቫምፓየሩም፣ ጠንቋዩም፣ ወደ ተኩላ የሚለወጠውም ሰው ከእኛ ቢጤዎች ጋር የሚኖሩበት ታሪክ ነው። ብዙ ጊዜ ባለታሪኳ ራሷ ትተርከዋለች፤ የምታጣራው ወንጀል ወይም የሚያሳድዳት ጠላት አለ፤ ፍቅሩ በጎን ቀስ እያለ ብዙ ቅጽ ይፈጃል። ፓራኖርማል ሮማንስ ውስጥ ግን ታሪኩ ራሱ ፍቅሩ ነው። አንባቢው ገና ሽፋኑን ሲገልጥ ሁለቱ በመጨረሻ እንደሚጣመሩ ያውቃል። ጸሐፊው ይህን እንደ ድክመት ነው የቆጠሩት። ለእኔ ጉጉቱ ያለው እዚያው ላይ ነው። እሷ ሟች ናት፣ እሱ አይሞትም፣ በዚያ ላይ ደግሞ እሷ ምግቡ ናት። ታዲያ እንዴት ሆኖ ነው አብረው የሚኖሩት? መጨረሻውን ማወቄ ይህን ጥያቄ ይበልጥ ያከብድብኛል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔን የሚይዘኝ ኃይል ያለው ፍጡር ራሱን ሲገታ ማየት ነው። ሊገድላት ይችላል። ተርቧል። ፖሊስም ሆነ ፍርድ ቤት አያስቆመውም። ግን አያደርገውም፤ ያንንም ውሳኔ በየምሽቱ እንደ አዲስ መወሰን አለበት፣ ምክንያቱም ረሃቡ አንዴ ተሸንፎ የሚጠፋ ነገር አይደለም። በእውነተኛው ዓለም ጉልበት ያለው ሰው ራሱን ሲገታ የምናይበት ጊዜ ስንት ነው? ይህን ማየት የሚፈልግ አንባቢ ጨለማ ይስበዋል ማለት አይከብድም ወይ?

የግብዣውን ነገር እንውሰድ። በብዙዎቹ ታሪኮች ቫምፓየር ሳይጋበዝ ሰው ቤት መግባት አይችልም። መቶ ሰው የሚጥል ፍጡር ደጃፍ ላይ ቆሞ "ግባ" እስኪባል ይጠብቃል። ደራሲዋ ቻርሌይን ሃሪስ በ2001 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) በጀመረችው ተከታታይ ልብ ወለድ ውስጥ ደግሞ ነገሩ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ የቤቱ ባለቤት ግብዣዋን መሰረዝ ትችላለች። ስትሰርዘው የገዛ እግሩ ሳይወድ በግድ ይዞት ይወጣል። ፈቃድ ሊሰጥም ሊነሳም እንደሚችል ከዚህ በላይ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ የፍቅር ልብ ወለድ ብዙ አላነበብኩም።

የዚያው ተከታታይ ባለታሪክ መጠጥ ቤት አስተናጋጅ ናት፤ የሰዎችን ሐሳብ ትሰማለች። ከወንድ ጋር ስትቀመጥ ስለ ሰውነቷ፣ ስለ አለባበሷ፣ ስለ ሁሉ ነገሯ የሚያስበውን እያንዳንዱን ነገር መስማት አለባት፤ በዚህ የተነሳ ፍቅር የሚባል ነገር አልሆነላትም። የቫምፓየር ሐሳብ ግን አይሰማትም። ከእሱ ጋር ስትሆን ጭንቅላቷ ጸጥ ይላል። እሱን የወደደችው በመልኩ ብቻ አይደለም፣ አጠገቡ ማረፍ ስለቻለችም ጭምር ነው። ጸሐፊው "ቆንጆና ሀብታም ቫምፓየር" ብለው ያለፉት ነገር ውስጥ እንዲህ ያለ ሐሳብ አለ።

የሴቶቹ ሥራም ትኩረት ይገባዋል። ፓትሪሺያ ብሪግስ በ2006 የጀመረችው ተከታታይ ባለታሪክ መካኒክ ናት፤ እጇ ግራሶ ነው፣ በጉልበት ከከበቧት ተኩላዎችና ቫምፓየሮች ሁሉ ታንሳለች። የምትተርፈው በዕውቀቷና በእልኋ ነው። ደክሟት ከሥራ የገባች አንባቢ እንዲህ ያለችውን ሴት ብትወድ ከኑሮ መሸሽ ነው እንዴ?

ሌላው የጸሐፊው ቅሬታ የዛሬዎቹ ደራሲዎች ጥንታዊውን አስፈሪ ቫምፓየር አለሳለሱት የሚል ነው። የትኛውን ጥንታዊ? በ18ኛው ክፍለ ዘመን በምሥራቅ አውሮፓ መንደሮች የተፈራው ቫምፓየር ያበጠና ፊቱ የቀላ ሬሳ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሞተ ጎረቤት። ፍርሃቱ እዚያ ደረጃ ደርሶ ሰዎች መቃብር እየቆፈሩ ሬሳ ያቃጥሉ ስለነበር የኦስትሪያ ገዢ የነበሩት ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1755 በአዋጅ ከለከሉት። ቫምፓየሩን ባላባት አድርጎ ሳሎን ያስገባው ጆን ፖሊዶሪ የተባለ ሐኪም በ1819 በታተመው ታሪኩ ነው። በብራም ስቶከር የ1897 ልብ ወለድ ቫምፓየሩ ድራኩላ በቀን ለንደን ጎዳና ላይ ይታያል፤ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ ፀሐይ አትገድለውም። ፀሐይ ትገድለዋለች የሚለው ከ1922ቱ የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ወዲህ የተለመደ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ትውልድ ቫምፓየሩን እንደ ገዛ ጥያቄው ሲቀርጸው ኖሯል። የዛሬዎቹ ደራሲዎች ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

ደራሲዋ አን ራይስ ደግሞ አለች። ሴት ልጇ ስድስት ዓመት ሳይሞላት በ1972 በሉኪሚያ ሞተችባት። በ1976 በታተመው ልብ ወለዷ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ቫምፓየር ትሆናለች፤ አትሞትም፣ ግን አታድግም። አእምሮዋ የትልቅ ሴት ሆኖ በሕፃን ገላ ውስጥ ተይዛ ትቀራለች። ይህን ያነበበ ሰው ዘውጉ ጥልቀት የለውም ሊለኝ አይችልም።

ሁሉም መጽሐፍ ጥሩ ነው አልልም። ሳታውቅ መኝታ ቤቷ ገብቶ ተኝታ የሚያያትን፣ የት እንደዋለች የሚሰልላትን፣ ከጓደኞቿ የሚነጥላትን ወንድ "በጣም ስለሚወዳት ነው" እያሉ የሚያልፉ መጻሕፍት ሞልተዋል። ያናድዱኛል። መቶ ዓመት የኖረ ፍጡር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሲያፈቅር ደራሲው ጥያቄውን እንኳ ካላነሳ መተቸት አለበት። ግን እንዲህ ያለው ትችት የሚመጣው ካነበበ ሰው ነው፤ ራሱን የሚገታውንና የማይገታውን ለይቶ ማሳየት የሚችለው እሱ ነው። በጽሑፋችሁ ውስጥ አንድ መጽሐፍ እንኳ ተነስቶ አልተመረመረም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንዱን ተከታታይ ቢያንስ እስከ ሦስተኛው ቅጽ ያነበበ ገምጋሚ ይጻፍ። ደራሲዋ ያወጣችውን ሕግ ሲጨንቃት ትጥሰዋለች ወይ? ባለታሪኳ ከፍቅሩ ውጭ የራሷ ሕይወት አላት ወይ? እሷ ስታረጅ እሱ እንዳለ ሲቀር ምን ይሆናል? ይህን የመጨረሻውን ብዙ ደራሲዎች እሷንም ቫምፓየር በማድረግ ያመልጡታል፤ ምን አጥታ ያንን እንዳገኘች የሚጽፉት ጥቂቶች ናቸው። ገምጋሚያችሁ እነዚያን ፈልጎ ቢያስተዋውቀን እኔ በበኩሌ በደስታ አነባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ