የምጣድ ሶኬት ብሎን ይፈተሽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመኖሪያ ቤቶች ስለሚነሳ የእሳት አደጋ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያስበው የሁለት ሽቦዎችን መነካካት ነው። በኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ ግን ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ጀርባ ሳይጠብቅ የቀረ ብሎን ነው፤ ምክንያቱም ሽቦዎች ሲነካኩ ብሬከሩ (ኮረንት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው መከላከያ) ወዲያውኑ የሚወርድ ሲሆን፣ የላላ ብሎን ግን ማንም ሳያውቀው ለወራት ሲግል ሊቆይ ይችላል።

የእንጀራ ምጣድን እንውሰድ። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ይህም የተለመደው የግድግዳ ሶኬት የመጨረሻ አቅም ነው። ሽቦው በብሎኑ ሥር በደንብ ባለመያዙ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ተጨማሪ ሬዚስታንስ (የኮረንትን መተላለፍ የሚያግድ ተቃውሞ) ቢፈጠር፣ በዚያች ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ 25 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል። ብረቱ ሲግል እየሰፋ፣ ሲበርድ እየተሰበሰበ ብሎኑ ይበልጥ ይላላል፤ መዳቡ ይጠቁራል፤ የሽቦው ልባስም ደርቆ ይሰነጠቃል። የሚያልፈው ኮረንት ስላልጨመረ ግን ብሬከሩ አይቆርጥም። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከመጣ ወይም የሶኬቱ ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ከሆነ፣ ምጣዱ ወዲያውኑ ተነቅሎ ባለሙያ ሊጠራ ይገባል።

ባለሙያውም ብሬከሩን አውርዶ ኮረንት አለመኖሩን በቴስተር ካረጋገጠ በኋላ፣ የጠቆረውን የሽቦ ጫፍ ቆርጦ አዲስ መዳብ መግለጥ፣ ልባሱ በብሎኑ ሥር እንዳይገባ መጠንቀቅ፣ ካጠበቀም በኋላ ሽቦውን ሳብ አድርጎ መሞከር አለበት። የግለት ምልክት ያለበት ሶኬት በአዲስ ይቀየራል እንጂ ብሎኑ ጠብቆ መልሶ አይገጠምም። ሽቦው አልገባ ሲል ከክሮቹ ጥቂቱን ቆርጦ መጣል፣ ሁለት ሽቦዎችን በጣት ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል፣ የመሬት ሽቦውን አጥፎ ግድግዳው ውስጥ መተው በየቤቱ የሚታዩ፣ ፈጽሞ ሊፈቀዱ የማይገባቸው አሠራሮች ናቸው። ማብሪያ ማጥፊያም የሚቆርጠው ፌዙን፣ ማለትም ኮረንት የሚያመጣውን ሽቦ፣ መሆን አለበት፤ ኒውትራሉን፣ ማለትም መላሹን ሽቦ፣ ከቆረጠ መብራቱ ቢጠፋም የአምፖል መያዣው ኮረንት እንደያዘ ይቆያል።

ቤት አከራዮች ተከራይ በተቀየረ ቁጥር፣ ቀለም ከማስቀባታቸው በፊት የምጣዱን ሶኬት አስከፍተው እንዲያስፈትሹ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁም ስለ ቃጠሎ ሲዘግብ እሳቱ የተነሳው ከየትኛው መጋጠሚያ እንደሆነ መርማሪዎችን ጠይቆ ቢያሳውቀን እኛ በሙያው ያለን ሰዎች እንማርበታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ