ያ ሰማያዊ ደብተርሽ አለ?

እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ፤ እንዲል የድሮ ደብዳቤ። ናፍቆቱ እውነት ነው፤ ደህናው ይቆየን። ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ የምጽፈው ጉዳይ ስለገጠመኝ መሆኑን አንቺ ከመጀመሪያው መስመር ታውቂዋለሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ስላልመለስኩት ስልክም፣ ስለ ልጅሽ ክርስትናም፣ ስለዚያ ስለሌላውም። አሁን ወደ ጉዳዬ።

በ2011 ሳስተምር ልታዪኝ የእኔ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ የምትሞነጫጭሪበት ሰማያዊ ደብተር አለ? ጣልሽው እንዳትዪኝ።

የመምህራን የሙያ ፈቃድ ምዘና ደርሶብኛል። የጽሑፍ ፈተናው 80 ከመቶ ይይዛል፤ እሱን አልፈራሁትም። እንቅልፍ የነሳኝ የማህደረ ተግባሩ፣ ማለትም ሥራዬን የሚያሳዩ ማስረጃዎች የሚሰበሰቡበት ፋይል፣ 20 ነው። ባለፈው እሑድ ያለኝን ወረቀት ሁሉ አልጋ ላይ ዘረገፍኩት። የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ በዓመት 60 ሰዓት የሚሞላው የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ዕቅድ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ማኅተም ያረፈባቸው የትምህርት ዕቅዶች። ሲደራረብ ስንዝር ያልፋል። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ እንኳ ልጅ የለም። ይገባሻል? አሥራ አራት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ወረቀቶቼ የሚመሰክሩት ግን ባዶ ክፍል ውስጥ ስለፈልፍ እንደኖርኩ ነው።

አራት ኪሎ ወደ አንድ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ልጁ ገና ፋይሉን ሲያይ ገባው። «የተዘጋጀ አለ፤ ስምዎንና የትምህርት ቤቱን ስም ብቻ ነው የምንቀይረው» አለኝ፤ ያውም ተግባራዊ ምርምር ጨምሮ። የምርምሩን ርዕስ ገምቺ። አዎ፣ የተማሪዎች ማርፈድ፣ መንስኤውና መፍትሔው! ይህ ሁሉ ምርምር ተደርጎ አሁንም የሚያረፍድ ልጅ መኖሩ ይገርመኛል። ሳቅኩበት፤ አልገዛሁትም። ተኩራርቼ ወጣሁ።

መኩራራቴ ግን እስከ ማታ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ እጄ ያቅማማል፤ ግን ካልነገርኩሽ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። ባልደረባ ትምህርቴን አይቶ የሚሞላውን የክፍል ምልከታ ቅጽ ባዶውን አውጥቼ ሞላሁና ባንቺ ስም ፈረምኩ። እንደ ቀንድ አውጣ የምትጠቀለለዋን ፊርማሽን መድኃኔዓለምን ስትሳለሚ ባረፈድሽባቸው ጠዋቶች መዝገብ ላይ ስንት ቀን ፈርሜልሽ የለ? እጄ አልረሳትም። ታዲያ ምን ብዬ ብሞላው ጥሩ ነው? «መምህርቷ ሁሉንም ተማሪዎች ታሳትፋለች። እጅግ በጣም ጥሩ።» አንቺ በሕይወትሽ ለማን «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለሽ ታውቂያለሽ? ለሠርጌ ቀሚስ እንኳ «ይሆናል» ነው ያልሽው። ቅጹን ያየ ሰው ሁሉ ባያውቅብኝ እኔ አወቅሁብኝ። አላስገባሁትም። መሳቢያዬ ውስጥ ተገልብጦ ተኝቷል።

አንቺ የጻፍሽውን በቃሌ አውቀዋለሁ። «11 ጥያቄ ጠየቅሽ። 9ኙን የመለሱት የፊት ወንበር ልጆች ናቸው። በመስኮቱ በኩል ያለው ረድፍ 40 ደቂቃ ሙሉ አልተነፈሰም።» ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ባለችው ካፌያችን ይህን ስታነቢልኝ ማኪያቶዬን በግማሽ ትቼ ተነሣሁ። ሂሳቡን አንቺ ከፈልሽ መሰለኝ። ቤቷ በ2016 ከሰፈሩ ጋር ፈርሳለች፤ ባለፍኩ ቁጥር የቱ ጋ እንደነበረች ለመገመት እሞክራለሁ፤ አይሆንልኝም።

ተቆጥቼ ወጣሁ፤ ግን በማግስቱ የሁሉንም ልጆች ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፌ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ጠይቄ፣ ትንሽ ዝም ብዬ፣ ከቆርቆሮው ስም አወጣለሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ለአንቺ ደግሞ በተለይ። ደስ እንዳይልሽ ብዬ ነው መሰለኝ።

ዘንድሮ ለዘጠነኛ ክፍል ኦስሞሲስን፣ ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወደበዛበት የሚሄድበትን መንገድ፣ ሳስተምር እኩል የተቆረጠ ድንች ግማሹን ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹን ጨው ውሃ ውስጥ አስቀመጥን። ከመለካታችን በፊት የሚሆነውን እንዲገምቱ በወረቀት አጻፍኳቸው። ከመስኮቱ ረድፍ አንድ ዝምተኛ ልጅ «ጨው ውስጥ ያለው ያብጣል፣ ጨው ይገባበታልና» ብሎ ገመተ። በማግስቱ ጨው ውስጥ ያደረው አጥሮና ላሽቆ፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያደረው ጠንክሮና ረዝሞ ተገኘ። የልጁ ስም ከቆርቆሮው ወጣ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። በሁለተኛው ወረቀቱ ግን የድንቹን ሥዕል ሥሎ፣ በእንግሊዝኛው መልስ ግርጌ በአማርኛ «ቲቸር፣ እናቴ ቋንጣ ላይ ጨው የምትነሰንሰው ለዚህ ነው?» ብሎ ጽፏል።

ሁለቱም ወረቀቶች ከነቀናቸው እጄ ላይ ናቸው። የዚያን ቀን ዕቅዴም አለ፤ ጊዜ እንዳነሰኝና ምን እንዳበላሸሁ ከኅዳጉ ላይ ጽፌበታለሁ። ከሠላሳ ምስክር ወረቀት ይልቅ እነዚህ ሦስት ቅጠሎች ስለ ክፍሌ ይናገራሉ። የጎደለው መነሻው ነው። ለምን ቆርቆሮ እንዳስፈለገኝ የሚያሳይ ወረቀት ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው።

ስለዚህ ያችን ገጽ ከነቀኗ በስልክሽ አንሥተሽ ላኪልኝ። ለእኔ ብለሽ አንድ ቃል እንኳ እንዳታለዝቢ። ያንን የውሸት ቅጽ ደግሞ ዛሬ ማታ እቀደዋለሁ፤ ወይም አንቺ ስትመጪ ራስሽ ትቀድጂዋለሽ፣ እንደፈለግሽ። ማስረከቢያው ወር አይሞላም። ደብተሩ ከሌለም «የለም» ብለሽ ጻፊልኝ፤ ያም ቢሆን ከዝምታ ይሻላል። ዝምታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ።

ለመሆኑ የልጅሽ የክርስትና ስም ማን ተባለ?

ያቺው ጓደኛሽ
ከአራት ኪሎ