ጮቄን ከግርጌው ሆኖ ማወቅ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል በላት ብላኛለች እናትሽ።

እሁድ ዕለት በስልክ ድምፅሽ ጥሩ አልነበረም። «አባዬ፣ ሁለት ወር የደከምኩበት ነገር ውሸት ሆኖ ተገኘ» ስትይኝ ሆዴ ባባ። የላክሽልኝን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። ሠላሳ ዓመት ሂሳብ ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ያመጣልኝ ተማሪ አልነበረም። ውሸት አይደለም ልጄ። የጎደለው ቅድመ ሁኔታ ነው።

ጥያቄሽን እንደገባኝ ልድገመው። እንደ ተራራ ጉብታ ያለ፣ ውስጡን የማናየው የጎበጠ ገጽ አለ። ከዳር ሆነን ጨረር እንልካለን። በየት ገባ፣ በየት ወጣ፣ ወዴት ዞረ፣ ስንት ጊዜ ፈጀ? ይህን ሁሉ ካወቅን ቅርጹን እናውቃለን ወይ? አንቺ ለማንኛውም ገጽ አዎ ብለሽ ነበር።

እናትሽ ገበያ እንስራ ስትገዛ በጣቷ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ጠርቶ ከጮኸ ትገዛዋለች። ካልጠራ «የነቃ ነው» ብላ ትመልሰዋለች። ድምፅ ብዙ ይናገራል፤ ሁሉን ግን አይናገርም። የከበሮን ቅርጽ በድምፁ ብቻ መለየት ይቻላል ወይ ብሎ የሂሳብ ሊቁ ማርክ ካክ እ.ኤ.አ. በ1966 ጠየቀ። ሌሎች የሂሳብ ሊቃውንት፣ ጎርደን፣ ዌብና ዎልፐርት፣ በ1992 ቅርጻቸው የተለያየ፣ ድምፃቸው ግን አንድ የሆነ ሁለት ከበሮዎች በሂሳብ አሳዩ። በአንቺ ስካተሪንግም፣ ማለትም ጨረር ልኮ አወጣጡን በማየት፣ ሬዞናንሳቸው (የሚያስተጋቡት ድምፅ እንደማለት ነው) አንድ ሆኖ ቅርጻቸው የሚለያይ ገጾች ተገኝተዋል። አንቺን ያስለቀሰሽ ይኼ ነው።

አሁን የጮቄን ተራራ አስቢው። ከ4000 ሜትር በላይ ነው። ከግርጌው ወዲህና ወዲያ ያሉ ሰዎች ሲጠያየቁ ማንም ጫፉን አይወጣም፤ አጭሩ መንገድ ዙሪያው ነው። እንግዲህ በግርጌው ባሉ ቦታዎች መካከል ያለውን አጭር ርቀት ሁሉ ብትለኪም የጫፉን ቁመት አታገኚም። ወደ ላይ የሄደ መንገደኛ የለማ! ጨረር ግን አጭሩን አይመርጥም። በተወረወረበት ቀጥ ብሎ ጉብታውን ይወጣል፣ ወሬም ይዞ ይመለሳል።

ችግሩ የማይመለሰው ነው። ገብቶ እዚያው ሲዞር የሚቀር መንገድ ካለ፣ ከዚያ ወሬ ነጋሪ አይመጣም።

ዳሩ ወደ ውጭ የጎበጠ ከሆነ፣ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኝ ቀጥተኛ መንገድ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ተጠምዶ የሚቀርም ከሌለስ? ያኔ መልሱ አዎ ነው። የሂሳብ ሊቁ ሚሼል በ1981 እንዲህ ይሆናል ብሎ ገመተ፤ ፔስቶቭና ኡልማን በ2005 ርዝመትና ስፋት ብቻ ላለው፣ ለባለ ሁለት አቅጣጫ ገጽ አረጋገጡት። እንዲህ ላለው ገጽ በዳሩ ያሉ ነጥቦች ርቀት ብቻውን ይበቃል። ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ ቤቱን ዞርኩት፤ እንዲህ ደስ ያለኝ ስንት ዘመኔ!

ደግሞ ሥራሽ ከንቱ የወረቀት ነገር አይምሰልሽ። የምድርን እምብርት ወርዶ ያየ ሰው የለም። የመሬት መንቀጥቀጥ አጥኚዋ ኢንገ ሌማን ግን በ1936 የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ እንዴት እንደሚመለስ አይታ፣ በመሬት መሃል ሌላ ውስጠኛ እምብርት እንዳለ ደረሰችበት።

ወረቀቱን እንዳትጥዪው። አራተኛው ቅጠል ላይ «ማንኛውም ገጽ» ያልሽው ቦታ ጋ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። በአንቺ ገጽ ላይ መንገዱ የሚጠመደው የቱ ጋ ነው? ለፋሲካ ስትመጪ ደብተሩን ይዘሽው ነይ፤ በረንዳው ላይ አብረን እንሥለዋለን።

አባትሽ
ከደብረ ማርቆስ