ቻናል ልትከፍት ነው አሉ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሚኪ፣

አቦ እንዴት ከርመሃል? እማማ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከአራት ኪሎ አልወጣሁም፣ ሽበቱ ግን ወጥቷል። ከተጠፋፋን ስንት ዘመን ሆነን! ሰሞኑን እህትህን መርካቶ አግኝቻት «ሚኪ በድሬ ታሪክ ላይ የዩቲዩብ ቻናል ሊከፍት ነው፣ ማይክ ሁሉ ገዝቷል» ስትለኝ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ቀናሁ። «ከባቡሩ እጀምራለሁ ይላል፤ ግን ማንበብ ሲጀምር ሐሳቡ ይበታተንበታል፣ እስቲ ምከረው» አለችኝ። በስልክ ከጀመርነው ወሬው ወደ ኳስ ይሄዳል፤ ስለዚህ ልጻፍልህ።

ሚኪ፣ «ስለ ባቡሩ» የሚባል ርዕስ የለም። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ ያውም ሃያ ዓመት የፈጀ ሥራ፣ አንድ ቪዲዮ ውስጥ አይገባም። ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ገብተህ ሠራተኛዋ «ምን ፈልገህ ነው?» ስትልህ በአንድ ትንፋሽ የምትመልስላት ነገር ካለህ ርዕስ አለህ ማለት ነው። ለምሳሌ፦ ባቡሩ ሐረርን ትቶ ለምን በድሬዳዋ በኩል አለፈ? ሐረር የታወቀች የንግድ ከተማ ነበረች፤ ሐዲዱን ወደ ተራራው ማውጣት ግን ወጪው ከበደ፤ ባቡሩ ከግርጌ ሜዳው ላይ ቀረ፣ ከተማም እዚያው ተቆረቆረ። ከዚራ፣ ያ ያደግክበት ሰፈር፣ የዚህ ውሳኔ ልጅ ነው። ይኼን በደንብ ካስረዳህ የድሬ ልጅ ሁሉ ያይልሃል።

ጥያቄህን ስትይዝ ወረቀት ላይ ጽፈህ ፊት ለፊትህ ለጥፈው። አትሳቅ፣ እኔ እንዲህ ነው የምሠራው። ምክንያቱም ሐረር ካልክ ራምቦ ይመጣል። ፈረንሳዊ ገጣሚ፣ ሐረር ላይ ነጋዴ፣ ለምኒልክ ጠመንጃ የሸጠ ሰው! ማን ይጠላዋል? አንድ ሌሊት ሙሉ ስለሱ ስታነብ ልታድር ትችላለህ። ሰውየው ግን የሞተው በ1884 ነው፤ አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886። ጥያቄህን አይመልስም፣ ስለዚህ ይውጣ። እኔ ደብተሬ መጨረሻ ላይ «ለሌላ ቀን» ያልኩት ገጽ አለ፤ እንደሱ ያለውን እዚያ አሰፍርና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ሐሳብ መበታተን ማለት ብዙ ጊዜ ሥራ የሚመስል ስንፍና ነው፤ ስታነብ ስለምታመሽ የሠራህ ይመስልሃል።

ዓመተ ምሕረት ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በፈረንጅ ዲሴምበር 1902 ነው። ዝም ብሎ ስምንት የቀነሰ ሰው 1894 ይልሃል። ከመስከረም አንስቶ የፈረንጅ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ የሚቀነሰው ግን ሰባት ነው፤ ታኅሣሥ 1895 ይሆናል ማለት ነው። ወሩን ሳታውቅ ዓመት አትቀንስ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም በቪዲዮው ውስጥ ተናገር፤ አለዚያ ኮሜንቱ ሁሉ በዓመት ጭቅጭቅ ይሞላና የደከምክበት ነገር ይረሳል።

ሌላው፣ አምስት ቻናል ያንኑ ቃል ሲናገር ሰምተህ «በአምስት ምንጭ ተረጋግጧል» እንዳትል። ብዙ ጊዜ አምስቱም የሚያነቡልህ አንድ የፌስቡክ ጽሑፍ ነው፣ ስህተቱም ሳይቀር። የመጀመሪያው ሰው ከየት አገኘው? እሱን እስክታገኝ ድረስ ያለህ ወሬ ነው።

ሰው ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ የዩቲዩቡ መፈለጊያ ላይ «ድሬዳዋ» ብለህ ጀምርና ከሥር የሚዘረዝርልህን እይ። ከአካውንትህ ወጥተህ ሞክረው፣ አለዚያ የራስህን ፍላጎት መልሶ ነው የሚያሳይህ። «ሐረር»ም «ሀረር»ም፣ በላቲን ፊደልም ጻፈው፤ አንዱ የሚያወጣውን ሌላው ላያወጣው ይችላል።

ሰላምታህ ደግሞ አጭር ይሁን፣ በናትህ። «ጤና ይስጥልኝ ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ ገብታችሁ ሰብስክራይብ፣ ላይክ፣ ሼር...» እየተባለ ደቂቃ ይሄዳል። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች የት ላይ ጥሎህ እንደሄደ የሚያሳይ መስመር አለ፤ ሰላምታው ሲረዝም እንዴት ቁልቁል እንደሚወርድ ራስህ ታየዋለህ። በጥያቄህ ጀምር።

ስትጽፍ ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጠው፤ ዳታውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ እጅ መልሶ ያበራዋል። ቪዲዮ በለቀቅክበት ቀን ቁጥሩን በየደቂቃው አትክፈት። ቲክቶክ በአንድ ወሬ ሲናወጥ አንተም «ሰበር» ብለህ እንድትገባ ይገፉሃል። እይታው እውነት ነው ይመጣል፤ የመጣው ሰው ግን ስለ ሐዲድ ሊሰማ አልመጣም፣ በሚቀጥለው ቪዲዮህ አታገኘውም። ይኼ የእኔ አስተያየት ነው፤ በ«ሰበር» ቤት የሠሩ አሉ፣ አልከራከራቸውም።

አሁን እኔ የምቀናበትን ልንገርህ። እኔ ወረቀት አለኝ፣ አንተ ሰው አለህ። የምድር ባቡር ጡረተኞች አጠገብህ ናቸው፣ ፈረንሳይኛ ጣል እያደረጉ የሚያወሩት አባቶች። ሌላው ሁሉ ይቆይ፣ ከነሱ ጀምር። «በስንት ዓመተ ምሕረት ተቀጠሩ?» ብለህ አትክፈት፤ ሰው ስለ ዓመት ሲጠየቅ ይጨነቃል። «የመጀመሪያው ቀን ምን አሠሩዎት?» በላቸው፣ ከዚያ ዝም በል። ዝምታው ቢረዝምም አትግባ፣ በኤዲት ይቆረጣል። ዓመቱን ኋላ ከመታወቂያቸው ወይም ከጡረታ ደብተራቸው ታየዋለህ፣ ከፈቀዱልህ።

የመጀመሪያውን ቀረጻ ከመልቀቅህ በፊት ላክልኝ፣ ዓመተ ምሕረቱን አይልሃለሁ። በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፋይል አድርገህ ላክ፤ እንደ ቪዲዮ ከላክኸው ጥራቱን ይቀንሰዋል። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ ዳኒ
ከአራት ኪሎ