የላክሽልኝን ጽሑፍ አነበብኩት

ጎንደር

ልጄ፣ ሆዴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትሽ ጉልበቱን እያለ ነው። ሐኪም ቤት ሂድ ስለው አይሰማኝም።

የፊልም ጽሑፍሽን እህትሽ አሳትማ አመጣችልኝ። ሁለት ማታ አነበብኩት። ዝናቡ፣ ሚኒባሱ፣ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሁሉ ይታየኛል። ልጅቷ ግን አልታየችኝም። ቅር እንዳይልሽ። ስታለቅስ አብሬያት ማልቀስ አቃተኝ፤ ምን እንደምትፈልግ አላውቅማ! ይገፏታል፣ ይከዷታል፣ እሷ ዝም። ደግ ናት ብለሽኛል፤ ደግነቷ ግን ምንም ሲያስከፍላት አላየሁም።

እናንተ ካራክተር የምትሉትን ነገር እኔ የማውቀው ከፒያሳው ሐውልት ነው። ትንሽ ሆነሽ በቴዎድሮስ ሥር ስናልፍ፣ "እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ጥሩ ነው መጥፎ?" ብለሽኝ ነበር። መልስ አጣሁ። አሁንም የለኝም። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያዘረፈና ያቃጠለ እሱ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱ እንኳ አልተረፉም። እኛው የተቃጠልነው ደግሞ ሐውልት አቆምንለት! ስሙ ሲነሳ የአያትሽ እንባ ይቀድማት ነበር። ምን እንደሚፈልግ እናውቃለንና። የተበጣጠሰ አገር አንድ ማድረግ ይፈልጋል፤ ለዚያ የማይከፍለው የለም፣ እኛንም ጭምር።

ቁስሉንም እናውቃለን። የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ ያንኑ ስድብ እየፎከረ ሊይዘው ዘመተ፤ ተሸነፈና ራሱ ተማረከ። ካሣ፣ ያኔ ገና ቴዎድሮስ ሳይባል፣ ምን አደረገው? ኮሶ አጠጣው ይባላል። አስቢው እስቲ። ኩራቱ፣ ቂሙ፣ ቀልዱ ሳይቀር አንድ ዋንጫ ውስጥ ገብቷል። ከዚህ ወዲያ ስለ ሰውየው ምን ማብራሪያ ትጽፊያለሽ?

"ዝምተኛ ሰውስ?" እንደምትዪኝ አውቃለሁ። የኛው የጎንደር ልጅ የኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" ፊልም ላይ አንበርብርም እኮ ዝምተኛ ነው። ጀርመን ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ እናቱ ቤት ይመለሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ግን ውስጡ እረፍት የለም። የጠፋበትን ትዝታ እየቆፈረ ነው። ያንቺዋ ስትቀመጥ ግን መቀመጥ ብቻ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀና አልኩ። የእህቷን ብር ጤፍ ጆንያ ውስጥ ስታገኘው። ልቤ ድው ድው አለ፤ የቤት ኪራይ አለባት፣ ማንም አያያትም። አንቺ ግን በሦስት መስመር መልሰሽ አስቀመጥሽባት! ለምን ቸኮልሽ? ትንሽ ትቁጠረው። እህቷ በር ላይ ስትደርስ እጇ ጆንያው ውስጥ ይሁን። ወይም ትውሰደው፤ ጥሩ ሰዎችም ይወስዳሉ፣ እኔ አንድ ቀን እነግርሻለሁ።

በርበሬና ሽሮ በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ፤ ሳይሞቀው ቶሎ ተቀበዪ። እና ብሩን ከወሰደችው የት እንደምትደብቀው ደውለሽ ንገሪኝ። ትናንት ማታ እሱን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

እናትሽ